ወንድሜ በግ ሌባ የሆነበት ሳምንት

አታምኑኝም። ማርያምን፣ አታምኑኝም። እዚህ አርብ ገበያ ከተማ እኔን ማመን የተወ ሰው ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት የሒሳብ መምህራችንን «ቲቸር፣ ሱሪዎ ከኋላ ተተርትሯል» ብዬ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ጀርባቸውን ከሰሌዳው አጣብቀው እንዲያስተምሩ ካደረግኋቸው ወዲህማ፣ እውነት ስናገር ራሴም ራሴን እጠረጥራለሁ። ስሜ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ስም ያወጣችልኝ እናቴም ትስቃለች። ግን ይችን አንዷን ካላመናችሁኝ፣ ወንድ የሆነ እዚህ ድረስ ይምጣና ያጣራ። ሙክቱን ጠይቁ እንዳልላችሁ ተበልቷል። እትዬ የሺን ጠይቁ። ብቻ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ እሳቸው አንዴ ማውራት ከጀመሩ ፀሐይ ትዞራለች።

እስኪ መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ። ሌባ ምን ይመስላል? ሁላችሁም የምታውቁት ይመስላችኋል አይደል? «ዓይኑ ይቅበዘበዛል» ትላላችሁ። እኔ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፈተና ላይ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ሌባ ማለት እኮ ደህና ሰው የሚመስል ሰው ነው። ባይመስልማ ማን ያስጠጋዋል? ሰላምታ ይሰጣችኋል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃችኋል፣ የታመመች አክስታችሁ ተሻላት ወይ ይላችኋል፤ ዘወር ስትሉ ዶሮዋ የለችም። ስለዚህ ሌባ ለመምሰል የሚደክም ሰው ካያችሁ አንድ ነገር እወቁ፤ እሱ በሕይወቱ ሰርቆ አያውቅም። ይኼን ያወቅሁት ከወንድሜ ነው።

ወንድሜ አበጀ ይባላል። አዲስ አበባ አቤል ነው። እዚያ ስሙን ሲያሳጥር እዚህ ያለውን ሁሉ አብሮ ያሳጠረው መስሎን ከርመናል። አባባ ቄስ ናቸው፤ ድጓም ያስተምራሉ፤ ሰዉ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ደግሞ ድምፁ የተመረጠው አበጀ ነበር። እሱ ሲያዜም እማዬ ወጡን ታሳርር ነበር፤ እኛም ያረረውን ወጥ ሳናጉረመርም እንበላ ነበር። ድጓ አስመስክሮ መምህር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ለእማዬ «ንፋስ መውጫ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ሚኒባስ ላይ ወጣ። ተዋናይ ሊሆን መሄዱን በሰው ሰማን። አራት ዓመት ቆየ። ንፋስ መውጫ እንደዚያ ሩቅ መሆኗን አላውቅም ነበር።

እማዬ ጋ ይደውላል። ስልኩ ሲጠራ አባባ ላሟን ሊያዩ ይወጣሉ። በክረምትም ይወጣሉ፣ በበጋም ይወጣሉ። የኛን ላም ያህል የታየች ላም በታች ጋይንት የለችም። እማዬ አውርታ ስትጨርስ ይመለሱና «ማን ነው?» ሳይሉ ይቀመጣሉ። እሷም «ደህና ነው» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለምሰሶው። በቃ። የኛ ቤት ናፍቆት እንዲህ ነበር የሚወራው፤ ለላምና ለምሰሶ።

ታዲያ ባለፈው ግንቦት፣ ፋሲካ በተፈሰከ በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት አበጀ ሳይነግረን ከተፍ አለ። ጠጉሩን አሳድጓል፣ ከስቷል፣ ቦርሳው ጎማ አለው። ያን ጎማ ያለውን ቦርሳ በዚያ ድንጋያም መንገድ ላይ እየጎተተ ሲመጣ ድምፁን የሰሙ አህዮች በረገጉ። እማዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፤ ከዚያ እማዬ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «ምነው ልጄ፣ ናፈቅንህ?» አለችው።

«የበግ ሌባ ሆኜ ልተውን ነው» አላት።

እማዬ እጇን አወረደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆነ ተከታታይ ድራማ አለ፤ እሱ ሦስተኛው ክፍል ላይ ይገባና በግ ይሰርቃል፣ አምስተኛው ላይ ይታሰራል። ዳይሬክተሩ «አንተ ሌባነትህ አይታመንም፤ ሂድና አጥና» ብሎታል። እሱም «በግ የሞላው እኛ አገር ነው» ብሎ መጣ። ሳቅን። ምን እናድርግ? ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አራት ዓመት ሙሉ ለእኛ ያልመጣ ሰው ለበግ ሌባ መጣ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አበጀ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለ። አባባ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት፤ መስቀል ለመጣ ሁሉ ነውና አይከለከልም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትዕግሥት፣ ለእንግዳው የእጅ ውሃ ስጪው።»

እንግዳው! የገዛ ቤቱ፣ የገዛ መደቡ ላይ! ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር በእኔ በኩል ሆነ። «እንግዳው ይብላ በይው።» «እንግዳው ብርድ ልብስ አለው ወይ?» ክንዱና ክንዳቸው እየተነካካ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ግን ቃል እኔን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ሁለት ስልክ መሃል የቆመ ምሰሶ ሆንሁ። አበጀ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ ብሏል። ቆጠርሁ፤ አራት ቀን። እኔ ከዚያ ሳምንት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ሳይደርስ አባባ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «አበጀ» ብለው እንዲጠሩት።

ረቡዕ ጥናቱ ተጀመረ። «መጀመሪያ እስር ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብኝ» አለና መንገድ ላይ ያገኘነውን ፖሊስ አስቆመ።

«አንድ ቀን ብታስረኝ ብዬ ነው።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትታሰር?»

«ለጥናት።»

ፖሊሱ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ደብዳቤ ይዘሃል?» አለው።

«የምን ደብዳቤ?»

«ወንድሜ፣ እኛ ሰው ዝም ብለን አናስርም። ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጣና እናየዋለን።»

ያልሰረቀ ሰው ለመታሰር ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው ያን ቀን አወቅን። የሰረቀው እንዲሁ ይገባል።

ሐሙስ የኔ ተራ ነበር። ተንኮል ካልሠራሁ ያመኛል፣ ታውቃላችሁ። «ጋሼ» አልሁት ወንድሜን፣ «ለማንም እንዳትናገር እንጂ፣ አያ ተገኘ በጎልማሳነታቸው የታወቁ በግ ሌባ ነበሩ።» አያ ተገኘ ማለት የእድሩን ድንኳንና ብረት ድስት የሚጠብቁ፣ አንድ ማንኪያ ቢጎድል እንቅልፍ የሚነሳቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ የጠበቅሁት በዱላ ሲያባርሩት ከአጥር ጀርባ ሆኜ ልስቅ ነው። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ዱላም የለ፣ ጩኸትም የለ። ወንድሜ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተቀምጦ ደብተሩን ሞልቶ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ።

«ትዕግሥት! የማያውቁት ነገር የለም! እስቴ ወረዳን አቋርጠው ሠላሳ በግ በአንድ ጊዜ ነድተዋል! ተመልከች፣ ሌባ ሲቀመጥ ግራ እግሩን ወደ በር ነው የሚዘረጋ።»

ግራ እግራቸውን የሚዘረጉት ቁርጥማት ስላለባቸው ነው። በኋላ ተመልሼ ሄጄ «አያ ተገኘ፣ ምነው ያልሰረቁትን ሰረቅሁ አሉ?» ብላቸው፣ ወደ መሬት አዩና «ልጁ ደጋግ ጥያቄ ይጠይቃል» አሉኝ። «ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ 'ከዚያስ?' ያለኝ ሰው የለም። ሰርቄ አላውቅም ብዬው ቢሆን ኖሮ እኮ ተነሥቶ ይሄድ ነበር።» ልስቅበት ያዘጋጀሁትን ሳቅ መልሼ ዋጥሁት።

ዓርብ የገበያ ቀን ነው። ከየአቅጣጫው ሰዉ ከነአህያው ሲጎርፍ፣ የኔ ወንድም ጥቁር መነጽር፣ ጥቁር ኮፍያ፣ ጥቁር ጃኬት አድርጎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ በአትክልቱና በእህሉ ተራ መሃል ጎርደድ ጎርደድ ይላል። ከአንዱ ሻጭ ጀርባ ይቆማል፣ ዝም ብሎ ያያል፣ ደብተሩን ያወጣል፣ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሌባ እንዴት እንደሚያይ እያጠና ነው። ሰዉ ግን ምን ያስባል? እናንተስ ብትሆኑ? አንዷ ለአንዷ ሹክ አለች፣ እሷም ለሌላዋ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገበያው በሙሉ ከላይ ተቆጣጣሪ መጣ ብሎ አመነ። ሚዛን ሥር ተለጥፎ የነበረው ጠጠር ተነሣ። ጌሾ ሻጯ ሳይጠየቁ ምራቂ ጨመሩ። በርበሬው በሙሉ በትክክል ተመዘነ። እውነተኞቹ ሌቦች ደግሞ፣ ካሉ፣ ቤታቸው ገብተው ሳይተኙ አልቀሩም፤ ያን ዓርብ አንዲት መርፌ አልጠፋችም። ሌባ ሊያጠና ሄዶ ገበያውን ጻድቅ አድርጎት ተመለሰ።

ከሰዓት ላይ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ዘጋ። «ምንም አላገኘሁም» አለ። «የሰማሁት አለ፣ ያየሁት አለ፣ ግን እዚህ የለም።» ደረቱን መታ መታ አደረገ።

«ሰርቀህ አታውቅማ» አልሁት።

«አላውቅም።»

«የእትዬ የሺ ሙክት እዚያ ታስሯል። እሳቸው ከገበያ እስኪመለሱ አንድ ሰዓት አላቸው። ወስደህ፣ ልብህን አዳምጠህ፣ ሳይመጡ ትመልሰዋለህ። ወይስ ፈራህ?»

«አንቺ ሰይጣን» አለኝ። ግን ተነሣ።

እትዬ የሺ ከቤታችን ቁልቁል፣ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ ያሉ ባል የሞተባቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሙክቱን ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው የሚቀልቡት። ስሙን ሙሽራው ብለውታል፤ ቀለቡም የሙሽራ ነው፣ ባቄላ ቆሎ ከእጅ እየበላ ያደገ። ከዚህ የተነሣ ሙሽራው ሰውን ሁሉ ዘመዱ አድርጎ ነው የሚያየው። ወንድሜ ከአጥሩ ሥር ተጎንብሶ፣ በጣቱ እየተራመደ፣ አሥር እርምጃ ሄዶ እየቆመ፣ እየዞረ እያየ፣ ግንባሩን እየጠረገ ሲደርስ፣ ሙሽራው ተነሥቶ ቆሞ ይጠብቀዋል። ገመዱን ፈታ። በጉ ፊት ፊት ሄደ፣ ሌባው ኋላ ኋላ ተከተለ። ማን ማንን እንደሰረቀ የሚያይ ሰው አይለይም ነበር።

ጓሯችን ካለው የጭድ ጎጆ ሲያስገባው ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እጄን ይዞ ደረቱ ላይ አደረገው። «ንኪው! ትዕግሥት፣ ንኪው!» ልቡ እንደ ጥምቀት ከበሮ ይመታል። «አገኘሁት! ይኼ ነው! በይ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው፣ አሁን እመልሰዋለሁ» አለና ወደ ቤት ሮጠ።

እኔና ሙሽራው ተያየን።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነገ ጠዋት ሚኒባሱ ጡሩምባውን ይነፋል፤ አባባ ላሟን ሊያዩ ይወጣሉ፤ ጎማ ያለው ቦርሳ ድንጋዩን እያንኳኳ ይሄዳል፤ «አበጀ» የሚለው ቃል ለሌላ አራት ዓመት ከአባባ አፍ አይወጣም። ይኼ በግ ግን ባይገኝ? ወንድሜ የሰው በግ አስጠፍቶ መኪና ላይ የሚወጣ ሰው አይደለም። በጉን የያዘ እሱን ያዘ ማለት ነው። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው! ከኪሴ ባቄላ አወጣሁ። ሙሽራው ምንም አላንገራገረም። ወንዟን ተሻግረን ጓደኛዬ ዘነበች ቤት ጋጥ ውስጥ አስገባሁት።

«የማን በግ ነው?» አለችኝ ዘነበች።

«የወንድሜ» አልሁ። በዚያች ሰዓት እውነት ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ወንድሜ በየጥሻው «ሙሽራው! ሙሽራው!» እያለ ይጮሃል። ከገበያ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን አቁመው «የማን ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቁት። አልመለሰላቸውም። እኔም አብሬው ፈለግሁ። አዎ፣ አብሬው ፈለግሁ፤ ጥሻውን እየገለጥሁ፣ ሙሽራው እያልሁ። ካሜራ ቢኖር ኖሮ የቤታችን ተዋናይ ማን እንደሆነ ይለይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ጡሩምባ ነፋ። ነፋ፣ ነፋ፣ ሄደ። ወንድሜ አልተነሣም። ደስታዬን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ሳለሁ ነው ማታውን ሲፈልጉ ያመሹት እትዬ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ የገቡት።

«የኔታ! ይገዝቱልኝ! ሙሽራዬን ወሰዱብኝ! የሕፃን ክርስትና ላይ እጃቸውን ያነሡትን ይገዝቱልኝ!»

ሌላ አገር ዕቃ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። እኛ ዘንድ ግዝት አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ቄሱ መስቀል ይዘው ይቆሙና «የወሰደ ይመልስ፤ ያየ፣ የሰማ ይናገር፤ እያወቀ የሸሸገ በግዝት የታሰረ ይሁን» ይላሉ። ፖሊስ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ግዝት አይጠይቅም። እዚህ አገር ግዝት ሰምቶ ዕቃ ደብቆ የሚያድር ሰው የለም። እስከ ማታ ዕቃው አጥር ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

«አንቺ የሺ፣ ግዝት እንደ ቂጣ በየቀኑ አይጋገርም» አሉ አባባ። «ከአፍ ከወጣ የኔ ዘመድ፣ ያንቺ ዘመድ አይልም። ዛሬን ፈልጉ። ካልተገኘ ነገ እገዝታለሁ።»

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ። የወሰደው ወንድሜ ነው። ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የሸሸግሁት እኔ ነኝ። አባባ ነገ ሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ አፋቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውን ሊያስሩ ነው፤ ያውም ሳያውቁ። አንዱን ልጃቸውን በስሙ ይጥሩልኝ ብዬ ሁለታችንንም ላስረግም ነው።

ወንድሜን ጭዱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ በጉ ዘነበች ቤት ነው። እኔ ነኝ የወሰድሁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«እንዳትሄድ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። አንድ ሰበዝ ጭድ ይዞ ሲሰባብር ቆየና «እኔም አንድ ሰበብ ሰርቄያለሁ» አለ። «ዳይሬክተሩ ሂድና አጥና አላለኝም። ሌባው የሚናገረው ሁለት ቃል ነው፤ 'እኔ አይደለሁም' ብቻ። ለሁለት ቃል ማን ጋይንት ድረስ ይልካል?»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ባዶ እጄን፣ ናፍቃችሁኝ ነው ብዬ፣ በየትኛው ፊቴ ልምጣ? እንኳን አባባ፣ ላሟ ትስቅብኛለች።»

ተቃቅፈን ትንሽ አለቀስን። ትንሽ ነው ያልሁት፤ ለማንም እንዳትነግሩ።

አባባ ደጅ ወይራው ሥር መጽሐፋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ፊታቸው ቆመ። ይኼኛው ትወና አልነበረም።

«አባባ፣ የእትዬ የሺን ሙክት የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

አባባ ቀና አላሉም። «ትዕግሥት፣ እንግዳው ምን ይላል?»

ምን ላድርግ? ምሰሶ ነኝና አስተላለፍሁ። «'የእትዬ የሺን ሙክት የሰረቅሁት እኔ ነኝ' ይላል። ሂድ ስረቅ ያልሁት ግን እኔ ነኝ። ከእሱ መልሼ የሰረቅሁትም እኔ ነኝ። እንዳይሄድ ብዬ ነው። አሁን ያለው ዘነበች ቤት ነው። ባቄላ እየበላ ነው።»

አባባ የሚያነቡበት ገጽ ላይ ክር አደረጉ። መጽሐፉን ዘጉ። ሳሙት። ወደ ቆዳ ማኅደሩ መለሱት። ማኅደሩን አሰሩ። ይኼ ሁሉ አንድ ዓመት ፈጀ። ከዚያ ቀና ብለው አዩት፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት።

«አበጀ።»

«አቤት» አለ ወንድሜ።

«እዚያ አገር አቤል ነው አሉ የሚሉህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አቤል በግ ጠባቂ ነበር እንጂ በግ ሌባ አልነበረም።»

ይሄን ብለው ቶሎ ወደ ሌላ ዞሩ። ግን ጺማቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «ተነሡ፤ ሰንበት ሳይገባ በጉን ለባለቤቱ እናድርስ።»

ሦስታችን ሄደን ሙሽራውን አመጣነው። እትዬ የሺ መጀመሪያ በጉን ሳሙ፣ ከዚያ ወንድሜን ሰደቡ።

«አንተ! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ! ብትነግረኝ እኔው ራሴ ፈትቼ እሰጥህ አልነበር?»

«እትዬ፣ ከሰጡኝማ ስርቆት አይሆንም።»

«ዝም በል! እንዲሁ አልምርህም። እንዴት አድርገህ እንደሰረቅኸው እዚሁ ፊቴ አሳየኝ። ቆይ! ቆይ፣ ጎረቤት ልጥራ።»

ጎረቤት ተጠራ። አያ ተገኘ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። አባባ «ሰንበት ሊገባ ነው፣ እኔ ልሂድ» አሉና ወጡ። ወንድሜም በዚያ ግቢ፣ ዶሮና ሕፃን መሃል፣ ጀመረ። ተጎነበሰ፣ በጣቱ ሄደ፣ ቆመ፣ የሌለ ላብ ጠረገ፣ ጥላውን አይቶ ደነገጠ። ሙሽራውም ድርሻውን አልረሳም፤ ሳይፈታ ገመዱን ጎትቶ ቀደመው። እትዬ የሺ ሳቅ ገደላቸው፣ መሬት ተቀመጡ። አያ ተገኘ «ግራ እግርህን! ግራ እግርህን!» እያሉ ያርማሉ። እኔ ዞር ስል ቁልቋሉ ማዶ አንድ ነጭ ጥምጥም አየሁ። አባባ አልሄዱም። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር፣ ቁልቋሉ ከለለኝ።

እራት ላይ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሰረቀ የንስሐ ቀኖና አለበት» አሉ። «አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾምም ስግደትም የለም። ስለዚህ ለፍልሰታ ይተላለፋል። ፍልሰታን ሁለቱንም ሱባዔ እዚህ መጥተህ፣ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን እያደርህ ታደርሳለህ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«በየዓመቱ።»

«በየዓመቱ?»

«የበግ ነገር ከባድ ነው» አሉና እንጀራቸውን ቆረሱ። ለእኔም ቅጣት ወጣልኝ፤ በፍልሰታ እሱ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሜ እንድጠብቅ።

ወንድሜ ሰኞ ሄደ። ጡሩምባው ሲነፋ አባባ ላሟን ሊያዩ አልወጡም፤ ጎማ ያለውን ቦርሳ ተሸክመው እስከ መኪናው ሸኙት። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ሌላ ደብር ያሉ አንድ መሪጌታ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። አንድ ሙክት ወስዶ በማግስቱ ለመለሰ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ አባቱ ቤት እየመጣ ሁለት ሱባዔ፣ እንዲህ ያለ ቀኖና አለ ወይ አልኋቸው። መሪጌታው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «በየትኛው መጽሐፍ፣ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸውን ተዉትና «አባትሽ ግን በምንም መጽሐፍ ላይ አንዲት ፊደል የማይጨምሩ ሰው ነበሩ» አሉ።

አሁን ነሐሴ ነው። የመጀመሪያው ሱባዔ አልቋል፤ ወንድሜ አልመጣም። ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። እኔ በቅጣቴ መሠረት በየቀኑ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ቅጣቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አባባም ከጸሎት ሲወጡ ዝናቡን ሳይፈሩ መጥተው አጠገቤ ይቆማሉ። «ደመናውን ልይ ብዬ ነው» ይላሉ። ደመናው እኮ ያለው በዚያ በኩል ብቻ አይደለም። የሚያዩት ግን በንፋስ መውጫ በኩል ያለውን ብቻ ነው።

ይኼን የጻፍሁት በወረቀት ነው። ወደ ደብረ ታቦር በእግሩ ለሚወጣ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ እዚያ ኔትወርክ ሲያገኝ በስልኩ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። እናንተም አታስቀሩት። ለአንድ ሰው ንገሩ፣ እሱም ለአንድ ሰው ይንገር፤ ብትፈልጉ ጨምሩበት፣ ብትፈልጉ በጉን ሁለት አድርጉት፣ ብቻ አቤል የሚባል ከሲታ ተዋናይ ጆሮ እስኪገባ ድረስ አታቁሙ። ስታገኙት ታዲያ ናፍቀሃቸዋል እንዳትሉት፤ አባባ ከሰሙ ያፍራሉ። ቀኖናህ እያለፈ ነው በሉት።